ጽጽቃን መጻፍ ያቃተው ኪቦርድ

ባለፈው ረመዳን ዋዜማ ሦስት ሆነን አንድ ላፕቶፕ ከበን የፆመኞችን ዝርዝር እንጽፍ ነበር። የካፌው ቁርስና ምሳ ወደ ሱሑርና ኢፍጧር እንዲዛወር የእያንዳንዱ ተማሪ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የትምህርት ክፍልና የመጣበት አካባቢ ይሞላል። ከሦስታችን ሁለታችን የሰቆጣ ልጆች ነን፤ አንዳችን ደግሞ ከዝቋላ ወረዳ ከጽጽቃ። የጽጽቃው ልጅ የራሱን መስመር ሊሞላ ደርሶ የከተማውን ስም መታ። ስክሪኑ ላይ የወጣው «ፅቃ» ነው። አጥፍቶ ደገመው። አሁንም «ፅቃ»። እኛ የሰቆጣዎቹ ሳቅን፤ እሱ አልሳቀም።

ሳቃችን ብዙ አልቆየም። በመጀመሪያው የኢፍጧር ምሽት አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በር ላይ ቆሞ ስሙ እንዲፈለግለት ጠየቀ። በር ላይ ያለው ወንድማችን በላፕቶፑ ፈለገ፣ «አልተገኘም» አለው። ልጁ ምንም ሳይናገር ወደ ዶርም ተመለሰና በተምርና በውኃ አፈጠረ። በማግስቱ ዝርዝሩን በዓይናችን መስመር በመስመር ስናየው ስሙ ቁጭ ብሏል። እኛ ስንጽፍ በ«ሐ» ጽፈነዋል፤ ፈላጊው የመታው በ«ሀ» ነው። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ነገሮች ናቸው። ጥፋቱ የእኛ የጻፍነው ነው። ልጁን አፉ በለን ብለናል፤ እሱም ረመዳን ነው ብሎ አለፈን። ይህ ጽሑፍ የተጀመረው ከዚያ ቀን ነው።

እስከዚያ ድረስ ስለ ኪቦርድ አስበን አናውቅም ነበር። ልጅ ሆነን መድረሳ ስንቀራ መጻፊያችን ለውህ ነበር፤ በቀለም ይጻፋል፣ ሲሐፈዝ ይታጠባል፣ እንደገና ይጻፋል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ ደብተርና እስክሪብቶ። ሁለቱም ላይ እጃችሁ የፈለገውን ቅርጽ ያወጣል፤ መካከል ላይ የሚገባ ሌላ ሰው የለም። ኪቦርድ ላይ ግን ከጣታችሁና ከፊደሉ መካከል አንድ የማታውቁት ሰው ቀድሞ የወሰነው ውሳኔ አለ። የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚያወጣ የሚወስነውን ይህን አደረጃጀት ነው ሌይአውት የምንለው።

የእንግሊዝኛው ሌይአውት ራሱ የዘመናት ልማድ ነው እንጂ ከሰማይ የወረደ አይደለም። አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ሾልስና ባልደረቦቹ የሠሩት የጽሕፈት መኪና በ1870ዎቹ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶችም እንዲሁ ናቸው) በሬሚንግተን ኩባንያ ለገበያ ሲቀርብ የዛሬው የፊደል አቀማመጥ አብሮት መጣ። በ1936 ኦገስት ድቮራክ የተባለ ምሁር ለእጅ የተሻለ ነው ያለውን ሌላ አቀማመጥ አስመዘገበ፤ ዛሬም የሚጠቀሙበት ሰዎች አሉ፣ ጥቂቶች ናቸው። ፈረንሳዮች የራሳቸው የተለየ አላቸው። ለ26 ፊደል ይህን ያህል ክርክር ካለ፣ ለእኛ ምን ይሆናል?

የእኛ ሒሳብ እንዲህ ነው። 33 ፊደላት በ7 ዘር ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ሏ ገና አልተቆጠሩም። የተለመደው ኪቦርድ ሺፍትን ጨምሮ የሚሰጠው ከመቶ ያነሰ ቦታ ነው። ስለዚህ አንድ ፊደል በአንድ ቁልፍ የሚለው ነገር ከመነሻው አይሠራም። መሐንዲስ አያና ብሩ ከጣልያን ወረራ በፊት የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ሊሠሩ ሲነሡ የገጠማቸው ይኸው ሒሳብ ነው። መፍትሔያቸው ፊደሉን መቆራረጥ ነበር፤ ግንዱ በአንድ ቁልፍ ይመታል፣ የካዕቡ ወይም የሣልሱ ቅጥያ በሌላ ቁልፍ ተጨምሮበት ይለጠፋል። በኋላ ኦሊቬቲን የመሰሉ ኩባንያዎች ባወጧቸው የአማርኛ መኪናዎች የተጻፉ አሮጌ ደብዳቤዎችን በየቢሮው ያየ ሰው፣ ቅጥያው ከግንዱ ትንሽ ርቆ ወይም ዘቅዝቆ መቀመጡን ያስታውሳል። አያምርም፤ ግን ይነበባል።

እዚህ ላይ ከጉዳያችን ትንሽ ወጣ ብንልም ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም። የወሎ ሸህዎች፣ እነ ሸህ ጦልሃ ጀዕፈር፣ የአማርኛ መንዙማቸውን በዐረብኛ ፊደል ሲጽፉ የነበረባቸው ችግር የእኛው ነው። ዐረብኛ ለ«ጨ» ለ«ኘ» ለ«ጰ» የተዘጋጀ ፊደል የለውም። በእጅ ስለሚጽፉ ግን ያለውን ፊደል ለሌለው ድምፅ አገልጋይ አድርገው ተሻገሩት። ዐጀም የምንለው ይህ ነው። እጃቸውን የሚከለክል ሌይአውት አልነበረባቸውም።

ፎንቱ ሲጠፋ ጽሑፉም የሚጠፋበት ዘመን

ኮምፒውተር ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የግዕዝ ፊደል በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ አስቀመጡ። ማለትም ኮምፒውተሩ «ኤ» ብሎ የሚያውቀው ቦታ ላይ የ«ሀ» ሥዕል ይደረጋል። ኮምፒውተሩ አማርኛ መሆኑን አያውቅም፤ ሥዕሉን ብቻ ነው የሚያሳየው። ፎንቱ ያለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ጽሑፍ ነው፤ ፎንቱ የሌለበት ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ክምር ነው። የጀመዓችን አሮጌ ፍላሽ ውስጥ የቀድሞ ወንድሞቻችን ያዘጋጇቸው ቡለቲኖች አሉ። ስንከፍታቸው የወጣው ያ ክምር ነው። ከመካከላቸው አንዱን እንኳ ለማንበብ ሰቆጣ ያለ አንድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ መላክ ነበረብን፤ ባለቤቱ አሮጌውን ፎንት ከአሮጌው ኮምፒውተሩ አላወረዱትም ነበር፣ አላህ ይስጣቸው።

ይህን ችግር የፈታው ዩኒኮድ ነው። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቋሚ ቁጥር የሚሰጥ መዝገብ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው በ3.0 እትሙ ገባ፤ ያኔ 345 ፊደላትና ምልክቶች ነበሩ፣ በ2005 ደግሞ ሌሎች ተጨመሩ። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ ተራው ሰው ምንም ሳይጭን አማርኛ ማንበብ ጀመረ። ዛሬ ስልካችሁ ላይ በቴሌግራም የምትልኩት አማርኛ የትም አገር የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው።

ዩኒኮድ ግን ቁጥር ሰጠ እንጂ ቁልፍ አልሰጠም። በየትኛው ቁልፍ ትጻፍ የሚለውን ለሶፍትዌር ሠሪው ተወው። ግርግሩም የቀረው እዚያ ላይ ነው። እንዲያውም የእኛ ልጅ በር ላይ የቀረው ከዚሁ ጋር በተያያዘ ነው፤ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» በመዝገቡ ላይ ቁጥራቸው 1200፣ 1210 እና 1280 ነው። ለማሽኑ ሦስት ሌላ ሌላ ፊደል ናቸው።

ጽጽቃ ለምን ፅቃ ሆነ?

አሁን ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ፎነቲክ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ድምፁን በላቲን ፊደል ትመታላችሁ፣ ሶፍትዌሩ ወደ ግዕዝ ይለውጠዋል። የዚህ አመታት መሠረት በ1990ዎቹ እነ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ያዘጋጁት ሴራ የተባለው ሥርዓት ነው። (ስሙ የእንግሊዝኛ ምህፃረ ቃል ነው፤ ሌላ ሴራ የለበትም።) ሳድሱ በአንድ ምት ይወጣል፤ ሌላው ዘር አናባቢ ሲጨመርበት። ድምፃቸው አንድ የሆኑት ፊደላት ደግሞ በድግግሞሽ ይለያሉ። ትንሹ «ኤስ» አንዴ ሲመታ «ስ» ነው፣ ሁለቴ ሲመታ «ሥ»። ትልቁ «ኤስ» ማለትም ከሺፍት ጋር አንዴ «ጽ» ነው፣ ሁለቴ «ፅ»።

እንግዲህ ጽጽቃን ምቱ። ትልቁን «ኤስ» ሁለቴ መታችሁ፤ እናንተ «ጽጽ» ያላችሁ መስሏችኋል፣ ማሽኑ «ፅ» ሰምቷል። ቀሪው «ቃ» ነው። ፅቃ! ሠሪዎቹ ዝቋላ ወረዳ ውስጥ አንድ ሳድስ ተከታትሎ የሚመጣበት ከተማ እንዳለ እንዴት ያስቡ? «ስስት» ብላችሁ ብትጽፉም ያው «ሥት» ይወጣል። ሁልጊዜ የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው፤ «ጽ» ጻፉ፣ ክፍት ቦታ ምቱ፣ «ጽቃ» ጻፉ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ ክፍት ቦታውን አጥፉት። የጽጽቃው ወንድማችን ለከተማው ስም ከእኛ ለሰቆጣዎቹ በላይ ይደክማል ማለት ነው፤ ሥራ ሲከፋፈል ይታሰብለት ብሏል።

ለእኛ ለሙስሊም ተማሪዎች ከዚህ የባሰ አለ። «ቁርአን» ብላችሁ እንደሰማችሁት ብትመቱት የሚወጣው «ቁራን» ነው፤ ምክንያቱም «ር» ላይ አናባቢው ተለጥፎ «ራ» ያደርገዋል። «ጁምዓ» «ጁማ» ይሆናል። «ዱዓ» በአንዳንዱ ሌይአውት «ዷ» ሆኖ ቁጭ ይላል። በየቴሌግራም ቻናሉ የምታዩት «ቁራን» ሁሉ ከእውቀት ማነስ የመጣ አይደለም፤ ብዙው ከጣት ነው። በሴራ ሥርዓት መድኃኒቱ ከሳድሱ ቀጥሎ አፖስትሮፍ መምታት ነው፤ ያቺ ትንሽ ጭረት ፊደሉን ዘግታ የሚቀጥለውን አናባቢ ለብቻው ታቆመዋለች። ይህን አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ብትይዙ ለቡለቲናችን አራሚ ትልቅ እርዳታ ነው።

ሐ እና ኸ እንዲሁ። ከዐረብኛ የመጡ ቃላትን ስንጽፍ ሓእን በ«ሐ»፣ ኻእን በ«ኸ»፣ ዐይንን በ«ዐ» መለየት የምንፈልግ አለን፤ «ሐላል» እና «ኸይር» ተብሎ ሲጻፍ የቀራ ሰው ወዲያው ያነበዋል። ይህን የሚፈልግ ሰው እነዚህ ፊደላት በአንድ ሺፍት ርቀት ላይ ያሉበትን ሌይአውት መምረጥ አለበት። በፎነቲኩ «ሕ» ትልቁ «ኤች»፣ «ኽ» ትልቁ «ኬ» ናቸው። የስልክ ኪቦርድ ላይ ግን ፊደላቱ በገጽ ሁለት ወይም በረጅም ንክኪ ተደብቀው ሊሆኑ ይችላሉ። የተደበቀ ፊደል ደግሞ የተረሳ ፊደል ነው። የዞናችን ስም «ዋግ ኽምራ» ሆኖ ሳለ «ዋግ ህምራ»፣ «ዋግ ሕምራ» እየተባለ በየወረቀቱ የሚጻፈው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለናል፤ «ኽ» የት እንዳለች ያጣ ጸሐፊ ቅርቡን ያነሣል።

ስለ ኽምጣና ካነሣን አይቀር፣ የቋንቋው ስም ራሱ በአማርኛ ፊደል አይሞላም። መጨረሻው ላይ ያለው ድምፅ በአፍንጫ የሚወጣ፣ «ን» እና «ግ» የተዋሐዱ የሚመስል ነው። አማርኛ ስለሌለው «ና» ብለን እናልፈዋለን። ፊደሉ ግን አለ! የ«ጘ» ዘር ነው፤ ጘ፣ ጙ፣ ጚ፣ ጛ እያለ ይሄዳል፣ ዩኒኮድ ውስጥም ከጥንቱ ገብቷል። ቤተሰቡ ኽምጣና የሚናገር ጓደኛችን ይህን ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ ስክሪን ላይ ሲያየው ትንሽ ዝም አለ። በስልኩ የአማርኛ ኪቦርድ ላይ ፈልጎ አጥቶት ነበር። ኪማን የተባለው ነፃ ፕሮግራም ላይ ግን ለአዊኛና ለኽምጣና በጋራ የተዘጋጀ ሌይአውት ይገኛል፤ አሁን ላፕቶፑ ላይ ሦስት ሌይአውት ጭኗል።

ታዲያ የትኛውን እንያዝ?

አንድ መልስ የለም፤ እኛ ሦስታችን እንኳ አልተስማማንም። አንዱ ፎነቲኩን በኪማን ይጠቀማል፤ እንግሊዝኛ ላይ እጁ ስለተፈታ ሌላ መማር አልፈለገም። ሁለተኛው ፓወር ግዕዝ ላይ ያደገ ነው፤ እኅቱ ጽሕፈት ቤት ትሠራ ስለነበር ከእሷ ተማረ፣ አሁን ሌላ ሲሰጡት ጣቱ ይሰናከላል። እሱን ለምን ቀይር እንለዋለን? በዩኒኮድ ፎንት እስከጻፈ ድረስ ጽሑፉ እኛ ዘንድ ይነበባል። ዶክተር አበራ ሞላ ደግሞ ማንኛውንም ፊደል ከሁለት ምት ባልበለጠ መጻፍ ይቻላል ብለው ግዕዝኤዲትን ሠርተዋል፤ ሙያቸው የእንስሳት ሕክምና መሆኑ መሐንዲሶች ነን የምንለውን ሳያሳፍረን አልቀረም። ሦስተኛው ወንድማችን ሁሉንም ነገር በስልክ ይጽፋል፤ ፊደሉን ነክቶ ከላይ ከሚወጡት ዘሮች አንዱን ይመርጣል። ለአጭር መልእክት እንደሱ ያለ የለም። የሴሚስተር ፕሮጀክት ግን በእሱ አትጻፉ።

ስትመርጡ በሌላ ሰው ፍጥነት አትመዝኑ። የራሳችሁን ስም፣ የአባታችሁን ስም፣ የመጣችሁበትን ቀበሌ፣ ከዚያ «ቁርአን»፣ «ጁምዓ»፣ «ዱዓ»፣ «ዋግ ኽምራ» ብላችሁ ምቱ። ከእነዚህ ውስጥ እጃችሁን ያቆመ ካለ የሚያስጽፈውን ቁልፍ ፈልጉ፤ ቁልፉ ከራቀ ወይም ከሌለ ያ ሌይአውት የእናንተ አይደለም። ከመረጣችሁ በኋላ ግን ቢያንስ አንድ ወር አትቀይሩ። መጀመሪያ ላይ የሚመጣው ብስጭት የሌይአውቱ ሳይሆን የጣት ነው፤ በየሳምንቱ የቀየርነው እኛ ይህን የተማርነው ብዙ ጊዜ ካባከንን በኋላ ነው።

ለዐረብኛው ነገሩ ይቀላል፤ ሌይአውቱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፣ ዊንዶውስ ላይም ተጭኖ ይገኛል። ችግሩ ቁልፉ ላይ የዐረብኛ ፊደል አለመኖሩ ነው። አንዱ ጓደኛችን መፍትሔ አገኘ፤ የመካከለኛውን ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ መድረሳ ቅራት በዜማ ሐፈዘው፤ ሺን፣ ሲን፣ ያ፣ ባ፣ ላም፣ አሊፍ፣ ታ፣ ኑን፣ ሚም፣ ካፍ፣ ጧ። አንድ ምሽት ሲደጋግመው የዶርም ጓደኛው «ይህ ደግሞ የየትኛው ሱራ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ፈትሓ፣ ከስራና ዶማ ከሺፍት ጋር ናቸው። የዐረብኛ ሐረግ በአማርኛ ዐረፍተ ነገር መካከል ስትከቱ ቅንፍና ነጥብ ቦታ እየቀያየሩ ያስቸግራሉ፤ ዐረብኛውን ለብቻው አንቀጽ አድርጉና ከቀኝ ወደ ግራ የሚለውን ምልክት ጫኑ። የቁርአን አያ ግን በእጃችሁ አትምቱ። ከታመነ ምንጭ ገልብጡና ከሙስሐፍ ጋር አስተያዩ፤ የአንድ ሐረካ ስህተት «ጽጽቃ» «ፅቃ» ከመሆን ጋር አይወዳደርም። «ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም» የሚለው ሙሉ ሐረግ በዩኒኮድ እንደ አንድ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው ከምልክቶች ዝርዝር ውስጥ በአንድ ጊዜ ማስገባት ይቻላል።

ወደ ዝርዝሩ እንመለስ። «ሐሰን» የሚለውን ስም ብቻ ብንወስድ የመጀመሪያው ድምፅ በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊጻፍ ይችላል፤ ሁለተኛው በሰ ወይም በሠ። 6 ሲባዛ በ2፣ 12 መንገድ። በር ላይ የቆመ ወንድም 12ቱን እየሞከረ ሰው አያስገባም። ሰዎችን «ስማችሁን በአንድ ዓይነት ጻፉ» ማለትም አልፈለግንም፤ ስም የባለቤቱ ነው። ያደረግነው ኤክሴል ላይ ሌላ ዓምድ ጨምረን፣ በፈልግና ተካ ትእዛዝ በዚያ ዓምድ ውስጥ ብቻ የሀ ዘመዶችን ሁሉ ወደ «ሀ»፣ ሠን ወደ «ሰ»፣ ዐን ወደ «አ»፣ ፀን ወደ «ጸ» መለወጥ ነው፤ ለየዘራቸውም እንዲሁ። ፍለጋው የሚካሄደው በዚያ በተደበቀው ዓምድ ነው። ፈላጊውም በእነዚሁ ፊደላት ብቻ ይመታል። ካርዱ ላይ የሚታተመው ግን ባለቤቱ እንደጻፈው ነው። ከዚያ ወዲህ በር ላይ «አልተገኘም» የተባለ ሰው ቢኖር በእውነት ያልተመዘገበ ነው።

ሌይአውት ለመጫን የምትፈልጉ፣ ወይም የቀድሞ የማይነበብ ፋይል ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ማክሰኞ ከዐስር ሶላት በኋላ ላይብረሪ ምድር ቤት ፍላሽ ይዛችሁ ኑ። እኅቶች የራሳቸው አስጫኝ አለቻቸው፣ እሷም ከእኛ ትፈጥናለች። የዘንድሮውን የረመዳን ዝርዝር የሚጽፈው ያ ባለፈው ዓመት በር ላይ የተመለሰው ወንድማችን ነው፤ ራሱ ጠይቆ ነው የወሰደው። ከጽጽቃ አራት አዲስ ተማሪዎች ስለተመዘገቡ ያችን ክፍት ቦታ አራት ጊዜ እያስገባ ማጥፋት ይኖርበታል። አንዴ ጽፎ ቢገለብጣትስ ብለን ስንነግረው «ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻው እጽፋለሁ» አለን።